ከክራኮቭ የመጣ ጨው

ክራኮቭን የመረጥኳት እኔ አይደለሁም። የመረጠችው ቪየና የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት፤ ምክንያቷም ታሪክ ሳይሆን ኪስ ነበር። ከአገር ከወጣች አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጥቅምት 2017 ላይ ቪዛው ተሳክቶልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቃት ስሄድ፣ ከሥራዋ የአራት ቀን ፈቃድ ወስዳ ጠበቀችኝ። «እትዬ፣ ፓሪስ ልወስድሽ አስቤ ነበር፤ ያጠራቀምኩት ግን የሚያደርሰን ፖላንድ ድረስ ነው» አለችኝ። ስለ ፖላንድ የማውቀውን በልቤ ቆጠርኩ፦ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረባት አገር፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ የተወለዱባት አገር፣ ልጄ ስሙን ከአፉ የማይነጥለው የእግር ኳስ ተጫዋቹ የሌቫንዶቭስኪ አገር። ሦስት ነገር። ከዚህ ያነሰ የማውቅላቸው አገሮች ብዙ ናቸውና «እንሂድ» አልኳት።

ባቡሩ የቼክ ሪፐብሊክን ምሥራቃዊ ክፍል አቋርጦ የሰባት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። እህቴ ግማሹን አወራችልኝ፣ ግማሹን ተኛች። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ባቡር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያን ዕለት አየሁ፤ አንገቷ ትከሻዬ ላይ ወድቆ ድንበሩን ሳታይ አለፈች።

ከተማዋን በእኛ ቋንቋ አንዳንዱ «ክራኮው» አንዳንዱ «ክራኮቭ» ይላታል። ባለቤቶቹ ግን «ክራኩፍ» ነው የሚሏት፤ የመጨረሻዋን ፊደል ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው እፍ ብለው። እኔ ለምላሴ የለመደልኝን «ክራኮቭ»ን ይዤ እቀጥላለሁ።

የአሮጌው ከተማ እምብርት የገበያ አደባባዩ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከተሠሩት አደባባዮች ከትልልቆቹ አንዱ ሲሆን እያንዳንዱ ጎኑ 200 ሜትር ያህል ይሆናል። ፖላንዶቹ ታታር የሚሏቸው ሞንጎሎች በ1241 ከተማዋን አወደሟት (የፖላንድን ታሪክ ስናገር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1257 የከተማነት መብት ተሰጥቷት እንደገና ስትቆረቆር አደባባዩና ከእርሱ የሚወጡት ጎዳናዎች በቀጥታ መስመር ተለክተው ተሠሩ። ያ ልኬት ዛሬም አለ። ከሰባት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ማንም መጥቶ «ይህ መንገድ በዚያ በኩል ቢሄድ ይሻላል» አላለም፤ ያለም ካለ የሰማው የለም። ከሁሉ ይልቅ የወደድኳት ግን በአደባባዩ አንድ ማዕዘን ያለችው ትንሿ የቅዱስ አዳልበርት ቤተ ክርስቲያን ናት። ከልኬቱ በፊት ስለነበረች ከመስመሩ ወጥታ ጠማማ ቆማለች። አደባባዩን የለኩት ሰዎች በእርሷ ዙሪያ ለክተው አለፉ እንጂ አልነኳት።

ይህንን ሳስብ ብዙ ቆሜ ነበር መሰለኝ፣ እህቴ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ወደዚያ «ምንም» ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ መለከቱን ልንገራችሁ።

ከአደባባዩ አጠገብ ባለችው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ረጅሙ ማማ ላይ፣ 81 ሜትር ከፍታ ባለው፣ በየሰዓቱ መለከት ይነፋል። ቀንም ሌሊትም። ነፊዎቹ የከተማው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ በድሮ ጊዜ ማማው ላይ የሚቀመጠው ጠባቂ እሳትና ጠላት ሲያይ ያስጠነቅቅ ስለነበር ሥራው በእነርሱ እጅ ቀረ። ዜማው «ሄይናው» ይባላል። ወደ አራቱም አቅጣጫ አራት ጊዜ ይነፋል፤ አራቱም ጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል። እየወጣ ሳለ፣ ልብህ ቀሪውን እየጠበቀ ሳለ፣ ቀጥ። ሲነገር እንደኖረው፣ ታታሮች ሲመጡ ጠባቂው መለከቱን እየነፋ ከተማውን ሲቀሰቅስ ፍላጻ ጉሮሮውን ወጋው፤ ዜማው የሚቆመው እርሱ የቆመበት ቦታ ላይ ነው። የታሪክ ሰዎች ይህንን አይቀበሉትም፤ አሁን ያለው ማማ ራሱ የተሠራው ከዚያ ወረራ በኋላ ነው። የፖላንድ ሬዲዮ ግን ከ1927 ጀምሮ እኩለ ቀን ላይ፣ በእኛ ስድስት ሰዓት፣ የተቆረጠውን ዜማ ለአገር ሁሉ ያሰማል። ነፊው ነፍቶ ሲጨርስ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ወደ ታች እጁን ያውለበልባል፤ አደባባዩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይመልስለታል። እኔም እንደ ልጅ እጄን አነሣሁ።

ማረፊያችን ከአደባባዩ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ስለነበር ሌሊት ሁሉ እንሰማዋለን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የተኛች የመሰለችኝ እህቴ ከብርድ ልብሷ ውስጥ፣ «እትዬ፣ ይህ ሰውዬ በየሰዓቱ ነው እንዴ የሚሞተው?» አለች። ሳቃችን አላስተኛን አለ።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የገባነው በማግስቱ ነው። ከእኩለ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ የታላቁ መሠዊያ የእንጨት በሮች ይከፈታሉ። ቪት ስትቮሽ የሚባል ከኑረንበርግ የመጣ ጠራቢ ከ1477 እስከ 1489 የሠራው ነው፤ ቁመቱ 13 ሜትር ይደርሳል፣ ምስሎቹ ከሊንደን እንጨት የተፈለፈሉ ናቸው። ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ ነቅለው ወስደውት በ1946 ተመልሷል። በሮቹ ሲከፈቱ በዙሪያችን ያሉት ጎብኚዎች የመመሪያ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ያዙ። እኛ ወረቀት አላስፈለገንም። እመቤታችን በሐዋርያት መካከል ተንበርክካ እየደከመች፣ አንዱ ከኋላ ደግፏት፤ ዕረፍቷ ነው። ፍልሰታን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጾም ያደግን ሁለት እህቶች፣ በማናውቀው ቋንቋ በሚቀደስበት ቤት፣ የማናውቀው ሰው የጠረበውን ታሪክ ከማንም በፊት አወቅነው። የሐዋርያቱ እጅ ላይ የደም ሥሮቻቸው ሳይቀሩ ተገትረው ይታያሉ፤ የሠራተኛ እጅ ነው።

ቤተ መንግሥቱ፣ ቫቬል የሚሉት፣ ከቪስዋ ወንዝ በላይ ኮረብታ ላይ ነው። ዋና ከተማነቱ ወደ ዋርሶ ከተዛወረ በኋላ እንኳ ነገሥታቱ ዘውድ ለመጫንና ለመቀበር ወደዚህ ይመለሱ ነበር። ክፍሎቹን በፍጥነት ነው ያየኋቸው፤ የወርቅ ጣሪያና የግድግዳ ምንጣፍ በጣም ሲበዛብኝ ዓይኔ ይደክማል። የቆየሁት ከኮረብታው ሥር ያለው ዋሻ ላይ ነው። የዘንዶው ዋሻ።

እኛ የአራዳ ጊዮርጊስ ልጆች ነን። ዘንዶ የሚገደለው በፈረስ ላይ ባለ ቅዱስ፣ በጦር፣ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና እያየች ነው፤ ሌላ መንገድ አናውቅም። የክራኮቭ ዘንዶ ግን ባላባቶቹ ሁሉ በሰይፍ ሞክረው ያቃታቸው ነው። የገደለው ስኩባ የሚባል የጫማ ሰፊ ልጅ ነው። የበግ ለምድ ውስጥ ድኝ ሞልቶ ሰፍቶ በዋሻው ደጃፍ ጣለለት፤ ዘንዶው ዋጠው፣ ውስጡ ሲቃጠል ወንዙን ሊጠጣ ወረደ፣ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ፈነዳ። እህቴ ይህንን ከሰሌዳው ላይ እየተረጎመችልኝ ሳለ «ይህማ የኛው ነው!» ብዬ ጮህኩ። በአክሱም ወገን የሚተረተው የአርዌ ታሪክ አንድ ነው። አርዌ የሚሉት ዘንዶ አገሩን እየገዛ፣ ከብትና ልጃገረድ እየተገበረለት ሲኖር፣ አጋቦስ መርዝ ያበላውን ፍየል አቀረበለት፤ ዘንዶው ሞተ፣ አጋቦስም ነገሠ። ቸርችል ጎዳና ላይ ለቱሪስት በሚሸጡት የንግሥተ ሳባ ሥዕሎች ላይ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ይህንኑ ነው የሚያሳዩት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱቆቹ መስታወት ላይ አፍንጫዬን አጣብቄ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ከአክሱም እስከ ቪስዋ ዳር ድረስ የደከመ ሰው ጉልበተኛን የሚጥልበት ዘዴ አንድ መሆኑ አስገረመኝ፦ ሆዱን አይተህ፣ የሚወደውን አብላው። በግቢያችን የነበረው ልብስ ሰፊ ይህንን ቢሰማ ደስታውን አይችለውም ነበር። እርሱ ሁልጊዜ «መርፌ የያዘ ሰው አይናቅም» ይል ነበርና።

በካቴድራሉ በር ላይ ደግሞ ትልልቅ አጥንቶች በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። የዘንዶው ናቸው ይባላል፤ በእርግጥ የጥንት እንስሳት አጥንቶች ናቸው። የወደቁ ቀን ዓለም ያልፋል ይላሉ። ሰንሰለቱን ደህና አድርጌ አየሁት፤ ጠንካራ ነው።

ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ምሳ ቤት ገብተን የአገሩን ሾርባ አምጡልን አልን። ዡሬክ ይባላል፤ የአጃ ዱቄት ለቀናት አኩርተው የሚያበስሉት ነው። ሳህኑ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ ሽታው ደረሰን። እህቴ ዓይኗን ጨፈነች። «እርሾ» አለች። «የእማዬ ቡሃቃ ነው የሚሸተው፤ አብሲቱ ከመጣሉ በፊት።» ውስጡ ግን እንቁላልና የዓሣማ ቋሊማ ተንሳፎ ነበር። ረቡዕ ባይሆን እንኳ አንበላውም። አስተናጋጇ ቋሊማውን አውጥታ ልትሰጠን በደግነት ለመነችን፤ ሳቅን፣ አመሰገንን፣ በምትኩ ድንች የተሞላ የሊጥ ጥቅል፣ ፒየሮጊ የሚሉትን፣ በዘይት አስቀርበን በላን። እህቴ ግን ሳህኑ እንዲወሰድ አልፈቀደችም። እስክንጨርስ ድረስ እዚያው ፊቷ ተቀምጦ ይሸታት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ «ምንም» ልመለስ።

ክራኮቭ እንዴት ተረፈች? ዋርሶ ከ1944ቱ አመፅ በኋላ በጀርመኖች ሆን ተብላ ብሎክ በብሎክ ፈረሰች፤ ዛሬ የሚታየው አሮጌው ዋርሶ ከጦርነቱ በኋላ የድሮ ሥዕሎችን ሳይቀር እያዩ እንደገና የገነቡት ነው። ክራኮቭ ላይ ግን ጀርመኖች ራሳቸው ተቀመጡባት። በወረራ የያዟትን ፖላንድ የሚያስተዳድረው ሃንስ ፍራንክ መኖሪያውን ቫቬል ላይ አደረገ። በጥር 1945 የሶቪየት ጦር ሲገባ ከተማዋ ከነሙሉ ድንጋዮቿ ቆማ አገኛት። ስለዚህ የምታየው ሁሉ እውነተኛ ነው፦ በሩ እውነተኛ፣ ደረጃው በሰው እግር ተበልቶ የጎደጎደ።

ድንጋዩ ነው የተረፈው። ከጦርነቱ በፊት ከከተማዋ ነዋሪ አንድ አራተኛው፣ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ፣ አይሁድ ነበር። ታላቁ ካዚሚየሽ የሚባለው ንጉሥ በ1335 የቆረቆራትና በስሙ የምትጠራው ካዚሚየሽ፣ በኋላ የአይሁድ ሰፈር የሆነችው፣ ምኩራቦቿ ቆመዋል። ጎዳናዋ ዛሬ በምግብ ቤቶች የተሞላ ነው፤ ሙዚቃ ይሰማል፣ ሻማ ይበራል፣ የዕብራይስጥ ፊደል የሚመስል ጽሑፍ በየበሩ ተለጥፏል። ያማረ ነው፤ ግን አልተመቸኝም። ባለቤቱ የሞተበት ቤት ገብተህ በባለቤቱ ልብስ ስትዘፍን ዓይነት ነገር። የተመቸኝ የረሙ ምኩራብ መቃብር ነው። የተሰባበሩት የመቃብር ድንጋዮች ተለቃቅመው በአንድ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ስም ከስም ጋር ሳይገናኝ፣ ግማሽ አንበሳ ከግማሽ የወይን ዘለላ አጠገብ።

በከተማው መሐል በየጥጉ ጉብኝት የሚሸጡ ልጆች ሰሌዳ ይዘው ቆመዋል። አንዱ ሰሌዳ ላይ «ኦሽቪትዝ እና የጨው ማዕድን፣ በአንድ ቀን» ይላል፤ ከሥሩ ዋጋው። ኦሽቪትዝ ከክራኮቭ 70 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። 1.1 ሚሊዮን ሰው የተገደለበት ቦታ ነው፤ አብዛኛዎቹ አይሁድ። መሄድ ያለበት ይሂድ፤ ማየትም ተገቢ ነው። እኔ ግን ያንን ቦታ ጠዋት አይቼ ከሰዓት በኋላ የጨው መብራት ላይ ፎቶ መነሣት አልችልም። እህቴም «እኔ በሥራዬ ሞት ይበቃኛል» አለች። ስለዚህ ወንዙን ተሻግረን ፖድጉዤ ሄድን።

በመጋቢት 1941 ጀርመኖች የክራኮቭን አይሁድ ከካዚሚየሽ አስወጥተው በዚህ ሰፈር አጠሯቸው። የአጥሩ ግንብ ቁራጭ ዛሬም ቆሟል፤ አናቱ እንደ መቃብር ድንጋይ ክብ ክብ ተደርጎ ነው የተሠራው። ምን እንደሚጠብቃቸው ከመጀመሪያው ነግረዋቸዋል ማለት ነው። በ1942 ብዙዎቹን ወደ ቤውዜትስ ማጥፊያ ካምፕ ጫኗቸው፤ በመጋቢት 1943 ሰፈሩ ጭራሽ ተዘጋ፤ ለሥራ የሚሆኑትን ወደ ፕዋሹፍ የሥራ ካምፕ ነዱ፣ ሌሎቹን እዚያው መንገድ ላይ ገደሉ ወይም ወደ ኦሽቪትዝ ላኩ። በዚያው ሰፈር አደባባይ ዳር «በንስሩ ሥር» የሚባል ፋርማሲ አለ። ባለቤቱ ታዴኡሽ ፓንኪየቪች አይሁድ ያልሆነ ፖላንዳዊ ሲሆን፣ ከታጠረው ሰፈር አልወጣም ብሎ እስከ መጨረሻው መድኃኒት ሰጠ፣ ሰው ደበቀ። ሰዎቹ ከተወሰዱ በኋላ አደባባዩ ላይ የቀረውን የጻፈልን እርሱ ነው፦ የቤት ዕቃ። ቁምሳጥን፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፤ ቤት ለቤት ሲያንከራትቱት የነበረ ዕቃ ሜዳ ላይ ተበትኖ።

ከ2005 ጀምሮ በዚያ አደባባይ ላይ ወንበሮች ቆመዋል። ከሰው ወንበር የሚበልጡ፣ ከብረት የተሠሩ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ባዶ። ጽሑፍ የለባቸውም። በዳር በዳር ትንንሾቹ የትራም መጠበቂያ አጠገብ ናቸውና ሰው ይቀመጥባቸዋል። አንድ ተማሪ ክቡን የክራኮቭ ዳቦ፣ ኦብቫዣኔክን፣ እየገመጠ ተቀምጦ ትራሙን ይጠብቅ ነበር። መጀመሪያ ተናደድኩበት። ቆይቼ ሳስበው ግን እነርሱም እዚህ ተቀምጠው ዳቦ በልተው ትራም ጠብቀዋል።

እህቴ አንዱ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ምን አለ?» አለችኝ።

ለአምስት ቀን አብረን ነበርን። ይህንን አልጠየቀችኝም ነበር፤ እኔም አላነሣሁላትም።

ቤታችን ፒያሳ ነበር፣ ዶሮ ማነቂያ። ሰባት አባወራ የሚኖርበት ግቢ፤ የጭቃ ግድግዳ፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። አላሳምረውም። ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ሥር ባልዲ እየደረደርን ነው ያደግነው። በ2016 ሰፈሩ በሙሉ እንደሚነሣ ተነገረን። ጊዜው አጭር ነበር። እናቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት፤ ሌሎቹ ጎረቤቶች የትም የትም። የመጫኛው መኪና እስኪመጣ ድረስ ዕቃችንን አውጥተን አስፋልቱ ዳር ደረደርን፦ ቡፌው፣ ሶፋው፣ የብረት አልጋው፣ ምጣዱ ከነአክንባሎው። እናቴ የምግብ ጠረጴዛውን አንድ ወንበር ወስዳ መሐሉ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ዘገየ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እዚያ ወንበር ላይ፣ በቡፌዋና በምጣዷ መካከል፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ተቀምጣ የሚያልፈውን ሰው ሰላም ትል ነበር። ጎብኚ እንደምትቀበል።

እንዳትሳሳቱብኝ። ፖድጉዤ ላይ የሆነውንና የእኛን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ነውረኛ ነው። እናቴን ማንም ወደ ሞት አልነዳትም፤ ሰባቱም አባወራ በሕይወት አለ። እንዲያውም ያስጨነቀኝ ግልባጩ ነው። እዚህ ሰዉ ጠፍቶ በሩና ደረጃው ቀረ፤ ጎብኚ እየመጣ ያየዋል። እኛ ዘንድ ሰዉ ሁሉ አለ፤ ቦታው ግን የለም፤ እናቴ ለልጅ ልጇ «እዚህ ነበር» ብላ የምታሳየው አንድ ድንጋይ አልተረፈም። ከመስመር ወጥታ ጠማማ የቆመች አንዲት ትንሽ ነገር ብትተው ምን ነበረበት እያልኩ ነው ያን ዕለት የገበያ አደባባዩ ላይ የደነዘዝኩት።

«አስፋልት ነው» አልኳት ለእህቴ። «ዛፍ ተክለዋል። ማታ መብራቱ ያምራል።»

«ያምራል?»

«ያምራል።» እውነቴን ነበር። ትራሙ መጣ፤ አልተሳፈርንም።

የመጨረሻው ቀን ጨው ማዕድኑን አየን። ቪየሊችካ ከክራኮቭ በስተደቡብ ምሥራቅ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከ300 በላይ የእንጨት ደረጃ እየዞሩ ወርደው 64 ሜትር ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያም እየተራመዱ እስከ 135 ሜትር። ማዕድኑ ራሱ ግን እስከ 327 ሜትር ይጠልቃል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጨው ሲወጣበት ቆይቶ ለንግድ ማምረቱ በ1996 ቆመ። በታላቁ ካዚሚየሽ ዘመን ከመንግሥቱ ገቢ አንድ ሦስተኛው ያህል ከጨው ይመጣ ነበር ይባላል፤ ይህ ሁሉ አደባባይና ማማ የተሠራው በወጥ ማጣፈጫ ነው ማለት ነው። ፈረሶች እዚያው መሬት ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ባሽካ የምትባለው የመጨረሻዋ በ2002 ወጣች። ለእርሷ አዘንኩ፤ ፀሐይ ስታይ ምን አስባ ይሆን?

ጨዉ ነጭ አይደለም። ግራጫ ነው፤ ጥርብ ድንጋይ ይመስላል። አስጎብኚያችን «ግድግዳውን መቅመስ ይቻላል» ስትለን ሁሉም አፈረ፤ እህቴ ግን ጣቷን አጥቅሳ ላሰች። «አሞሌ!» አለች ጮክ ብላ። አንድም ሰው አልገባውም፤ ለእኔ በቂ ነበር። አያታችን አሞሌ በገንዘብነት ሲገበያዩበት እንዳየች ትነግረን ነበር፤ ከአፋር በረሃ በግመል የወጣ ጨው ዳገት በወጣ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ። ከኪስ ሆነው ወጥ ውስጥ የሚገቡ ብሮች ያየነው እኛ ብቻ አለመሆናችን አጽናናኝ።

ከመሬት በታች 101 ሜትር ላይ የቅድስት ኪንጋ ጸሎት ቤት አለ። ወለሉ ጨው፣ መሠዊያው ጨው፣ የሚያበራው የመብራት ዘለላ ከጨው ክሪስታል። ኪንጋ የሀንጋሪ ልዕልት ነበረች፤ ለፖላንድ መስፍን ስትዳር ቀለበቷን አገሯ ያለ የጨው ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው፤ እዚህ መጥታ «ቆፍሩ» ስትል በወጣው የመጀመሪያ የጨው ድንጋይ ውስጥ ቀለበቱ ተገኘ ይላሉ። ጸሎት ቤቱን ከ1896 ጀምሮ ለሰባ ዓመት ያህል የጠረቡት ጠራቢ ተብለው የተማሩ ሰዎች ሳይሆኑ ማዕድን ቆፋሪዎች ናቸው፦ ዩዜፍ ማርኮቭስኪ፣ ወንድሙ ቶማሽና አንቶኒ ቪሮዴክ። ላሊበላን የተሳለመ ሰው እዚህ ሲቆም እግሩ ያውቀዋል፤ ሲገነባ የወጣ ሳይሆን ሲቀነስ የቀረ ቤት ነው። የእኛዎቹን ቀን ሰው ሌሊት መላእክት ሠሯቸው እንላለን። እነዚህ የሦስቱን ሰዎች ስም ያውቃሉ። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም፤ መላእክቱን ለማንም አልሰጥም።

አንድ ነገር ግን ከመግቢያው ሰሌዳ ላይ አንብቤ ለእህቴ ሁለት ጊዜ ነግሬያታለሁ። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። ሁለቱ የዚህች አገር ናቸው፤ አሮጌው ክራኮቭና ቪየሊችካ። ሁለቱ የእኛ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ፓርክ። ያ ዝርዝር ሲወጣ አንድ ዓይነት ደጃፍ ላይ ነበርን።

መውጫው ላይ ያለው ሱቅ ጨው ይሸጣል። የአንድ ኪሎ ከረጢት ገዛሁ። እህቴ «ከአውሮፓ ጨው ተሸክመሽ ልትገቢ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

እናቴም ያንኑ ነው ያለችው። ቦሌ ደርሼ በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤቷ ስወጣ፣ ሽቶና ሹራቡን ወደ ጎን አድርጋ ከረጢቱን ከፈተችው፤ ጫፏን በጥርሷ ነካ አደረገች። «ጨው ነው» አለች። «መሬት ውስጥ ያን ያህል ወርደው ይህንን ነው ያወጡት? ደህና ነው። ከእኛው አይበልጥም።» ከዚያ ከቡፌው መሳቢያ ፌስታል አወጣችና እየቆነጠረች ትቋጥር ጀመር። ለጠላ ቤቷ። ለጡረተኛው። ለመንታዎቹ እናት። ግቢያችን ውስጥ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል፣ ከበሩ ጀምራ ወደ ውስጥ፣ የእኛን ቤት ዘላ፣ ስድስት ቋጠሮ።

አምስቱን አድርሻለሁ፤ ሁለቱን በታክሲ፣ ሦስቱን ሰው ልኬ። የልብስ ሰፊው ቋጠሮ እስካሁን ቡፌው ላይ ነው። የትኛው ብሎክ እንደደረሰው የሚያውቅ አላገኘንም።